የአምባው ግራ ጆሮ

የባሌ ሥራ ሙት ማውጣት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «እሳት አደጋ ነው የሚሠራው» እላለሁ፤ እሱ ግን እሳት አጥፍቶ አያውቅም። ጠላቂ ነው። ሰው ወንዝ ወይ ጉድጓድ ገብቶ ሳይወጣ ሲቀር አምባውን ይጠሩታል፤ አምባውም የአየር ሲሊንደሩን አዝሎ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል። እሱ እስኪደርስ በሕይወት የሚቆይ የለም። ሰፈራችን አቃቂ በሰቃ ውስጥ ሰዉ «እግዜር ይስጥህ» ይለውና እጁን ሳይጨብጠው ያልፋል። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ደሜ ነው የሚፈላው። «ካንተ እጅ የሱ ይጸዳል!» ብዬ የጮህኩበት ጎረቤት አለኝ፤ እስከ ዛሬ ሰላም የሚለኝ በአገጩ ነው።

አምባው ራሱ አይቆጣም። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አባቱ ከባቡሩ በቀር ከማንም ጋር ተጣልተው አያውቁም ይላል። ዋና የለመደው ከትምህርት ቤት እየጠፋ አባ ሳሙኤል ግድብ ሄዶ ነው፤ በዚያው እንጀራው ሆኖ ቀረ። ከሥራ ሲመለስ እንደ ቀብር ተመላሽ ደጅ ቆሞ እጁን ሳይታጠብ ቤት አይገባም። በጆግ የማስታጥበው እኔ ነኝ። ማንን እንዳወጣ አልጠይቀውም። ልጃችን እድላዊት ሮጣ አንገቱ ላይ እስክትጠመጠም ቃል አይወጣውም፤ ከዚያ «እራት ምንድነው?» ይላል። አለቀ።

ፍርሃቱ የኔ ሥራ ነበር። ክረምት ሲገባ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከሱ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሥርዓቱን ጠብቀው ከገቡ ውሃ ሰው አይጠላም» ይለኛል። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» እለዋለሁ። ይስቃል። ይስቅ ነበር ልበል።

ግንቦት ላይ አንድ የቆሸሸ ወንዝ ገብቶ ከወጣ በኋላ ግራ ጆሮውን ያሳክከው ጀመር። በክብሪት እንጨት ሲጎረጉር አይቼ «ኧረ ተው!» ብዬው ነበር። ቀጥሎ ይወጋው ጀመር፤ ቀጥሎ ትራሱ ላይ መግል አየሁ። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ነገ፣ ነገ ሲል ስልኩ ጮኸ። ወንድ ልጅ ጆሮዬን አመመኝ ብሎ ሥራ ይቀራል እንዴ? ሄደ።

የሆነውን ቆይቶ ነው የነገረኝ። ወደ ሶደሬ በአውቶብስ ስትወርዱ ጆሮ ድፍን ይል የለ? ውሃ ውስጥ ይኸው ነገር ብዙ እጥፍ ይብሳል አሉ። ስለዚህ ጠላቂ እየወረደ አፍንጫውን ቆንጥጦ ይዞ እፍ ይላል፤ ነፋሱ በውስጥ በኩል ገብቶ ጆሮውን ጧ አድርጎ ይከፍትለታል። ያን ቀን የአምባው ቀኙ ተከፈተ፣ ግራው እምቢ አለ። ትንሽ ነው የቀረኝ ብሎ ወረደ። የጆሮው ሽፋን እዚያው ተቀደደ። ቀዝቃዛው ውሃ በቀዳዳው ሲገባ ዓለም ተገለበጠችበት። ውሃው ጭቃ ነው፣ የራስን እጅ አያሳይም፤ ላይና ታችን የሚለየው ጆሮ ነው አለኝ። እሱ ጆሮ ዋሸው።

«ወደ ላይ የምዋኝ መስሎኝ ነበር አሱ። ጭንቅላቴ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ነው ታች መሆኔ የገባኝ። እናቴን ጠራኋት። ውሃ ውስጥ አይጮኽም፣ አየር ይጨርሳል። ግን ጠራኋት።»

ያተረፈው ቢቂላ ነው። ቢቂላ ዋና አይችልም፣ ገመድ ያዥ ነው፤ ከላይ ቆሞ በገመዱ ከአምባው ጋር ያወራል። አንድ ጊዜ ሳብ ከተደረገ «ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ገመድ ጨምርልኝ»፤ ደጋግሞ ከሆነ «አውጣኝ»። ያን ቀን ገመዱ ምንም ሳይናገር ወደማይሄድበት ሲሄድ ሆዱ ፈርቶ ጎትቶ አወጣው። ቢቂላ ቤቴ ሲመጣ ቆሜ ነው የምቀበለው።

የጆሮ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን ቆፍጣና። እኔም አብሬ ገብቼ ሰማሁ። «ሽፋኑ ይዘጋል፤ መስማትም ትሰማለህ። ግን ስለሰማህ ድኛለሁ እንዳትል። መስማት ሌላ፣ የውሃን ክብደት መቻል ሌላ። እፍ ስትል ሁለቱም እኩል እስኪከፈቱልህ ጥልቅ ውሃ እንዳትገባ። እንደገና ከተቀደደ የዚያን ጆሮ ነገር እኔ አላውቅልህም» አለችው። አለቃው ደግሞ ምን አሉት? «ጆሮህን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ዳንኩ ባልክ ቀን ና።» ደግነታቸው ነው። አምባው ግን ያን ከሰማ ጀምሮ ሰውነቱ አለቀ። ጥፋቱንም ልማቱንም ለብቻው ተሸክሞ ቤት ገባ።

ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ! አንዷ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀሽ ጠብ አርጊለት፣ አንዷ ጤና አዳም ጨምቂበት፣ የገዛ እናቱ ደግሞ ጸበል ይፍሰስበት። ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ተብሏል ብል ማን ይስማኝ። ነጭ ሽንኩርቱን ከነሲኒው ደጅ ወረወርኩት። ጸበሉን እንኳ አልወረውርም፤ ጠጣው አልኩት።

በየማለዳው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን ቆንጥጦ እፍ ይላል። እኔ ፊቱን አያለሁ። «ቀኙ ጧ አለ» ይላል። «ግራውስ?» ራሱን ይነቀንቃል። የሰው ጆሮ ውስጥ ጧ ማለቱን ከባለቤቱና ከእግዜር በቀር ማን ይሰማል? የሚለኝን ከማመን በቀር ምን ማድረግ እችላለሁ።

አንድ ቀን በግራው በኩል ልብስ እያጠፍኩ፣ ለራሴ ያህል፣ «ይሄ እንደ ሹም የተጎለተ፣ ካልሲውን እንኳ አያነሳም» ብዬ አጉተመተምኩ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ አየሁ።

«ሰማኸኝ?»

«ሹም ነው ያልሽኝ?»

እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ! እድላዊት መጥታ በግራ ጆሮው ሹክ ስትል እሱ ሲደግምላት፣ ሹክ ስትል ሲደግምላት፣ ሦስታችንም ሳቅን። በማግስቱ ግን አፍንጫውን ይዞ እፍ ብሎ «አልተከፈተም» አለ። በሌላውም ቀን። በሳምንቱም። ፊቱን የሚታጠበው በእርጥብ ጨርቅ ነው። አንዴ ሳፋው ላይ አጎንብሶ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አስጠግቶ፣ እዚያው ደርቆ ሲቀር አየሁት። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ፤ ይሄ ሰው ጆሮው ድኖ ይሆናል፣ የፈራው እሱ ነው አልኩ። ታዲያ የተናደድኩበት መሰላችሁ? እሰይ፣ ፍራ! ዕድሜ ልክህን ፍራ፣ ብቻ አጠገቤ ሁን አልኩ በሆዴ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚሉትን ዘንግቼ ነው።

ነሐሴ ላይ ፈየራ ሰጠመ።

ፈየራ ከኮዬ ፈጬ ሳሪስ የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነበር፤ የእትዬ ጠጄ አንድ ልጅ። ዕቃ ይዤ ካየኝ «እትዬ አሱ፣ ጋቢና ላንቺ!» ብሎ ሰው አስነስቶ የሚያስቀምጠኝ። እሑድ ከጓደኞቹ ጋር አሮጌው የድንጋይ ካባ ሄደ። ድንጋይ ተፈልጦ የወጣበት ገደል ክረምት ላይ ውሃ ይሞላና ሐይቅ ይመስላል። ዘለለ፤ አልወጣም። ሌሎቹ ጠላቂዎች ጎርፍ የያዘው አገር ተልከው መንገድ ተቆርጦባቸዋል፤ ጥቂት ቀን ጠብቁ ተባለ። «ውሃው ራሱ ይሰጠናል» ብለው ሰዎች ዳሩን ጠበቁ። ውሃው አልሰጠም። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ሬሳ የለም፣ ፍትሃት የለም። እትዬ ጠጄ ገደሉ ዳር ተቀምጠው አልነሳም አሉ። ለቅሶ ስሄድ ሰዉ ያየኝና ወሬውን ያቋርጣል። ምን እያሉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጠላቂ ጎረቤት እያለን ነው የሚሉት።

እንግዲህ ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለዕርቅ ይላካል። ወደ ገደል ግባልን ብሎ ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት በባሌ ነው። የእድሩ ዳኛ አባባ ወልደሰንበትና ኦቦ ሰቦቃ፣ ሌሎችም ተከትለዋቸው መጡ። ወንበር አቀረብኩ።

«ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አባባ ወልደሰንበት። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ደግሞ ደንቆሮ ነው ተብሎ ስለተወራ በግራ ጆሮው ላይ ይጮኹበታል። «አምባው ልጄ! አፈር እናልብሰው! እናቱ ልትሞት ነው!»

«ጆሮዬ አልዳነም አባባ። ሌሎቹ እስኪመጡ ጥቂት ቀን ታገሡኝ» አለ አምባው። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«ለጥቂት ጊዜ ብቻ! ገባ ብለህ ወጣ!»

እኔ አልቻልኩም። «ምን ማለት ነው ገባ ወጣ? ሱቅ ነው እንዴ? የሞተውን ለማውጣት ያለውን ልታስገቡ ነው? በሽምግልና ሞት ይለመናል?» ጮህኩባቸው። ኦቦ ሰቦቃ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ወልደሰንበትም «ልክ ነሽ ልጄ» ብለው ሊመለሱ ባርኔጣቸውን አነሱ። ዳነልኝ! ልቤ ቦታው ተመለሰ።

እትዬ ጠጄን ያላየኋቸው እኔ ነኝ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ በራችን ጥግ፣ በግራው በኩል ቆመዋል። ድምፃቸው በለቅሶ አልቋል። ለማንም አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው፣ እስትንፋስ ያህል፣ «ልጄ ብርድ አይችልም» አሉ።

አምባው ዞረ። «አውቃለሁ እትዬ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በጩኸት እንኳ አይሰማም የተባለ ሰው ሹክሹክታ ሰማ! ማን ይህን አይቶ ሌላ ያስባል? መስማት ሌላ ነው ያለችውን ሐኪም እነሱ የት ያውቋታል። እኔ አውቃታለሁ፤ ግን እኔም በዚያች ደቂቃ ባሌን ያየሁት እንደነሱ፣ እንደ ዋሾ ነው። ዓይኔን አየና ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ተነሳ፤ በሁሉም ፊት አፍንጫውን ቆንጥጦ እፍ አለ።

«ተከፍቷል» አለ። «ቢቂላን ጥሩልኝ።»

መንገድ ላይ እጁን ይዤ «በእድላዊት ሞት፣ እውነት ተከፍቷል?» አልኩት።

«ተከፍቷል አልኩሽ እኮ።» ይህን ሲል የሚያየው መንገዱን ነበር።

ካባው ላይ አገር ምድሩ ተሰብስቧል። ቢቂላ ገመዱን ወገቡ ላይ ሲያስር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ አምባው ራሱ አሰረው። ልከለክለው አፌን ከፈትኩ። እትዬ ጠጄ አጠገቤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ገባ። አረፋው ትንሽ ታየ፣ ከዚያ ውሃው እንደነበረ ሆነ።

«እጅሽን እዚህ አድርጊ» አለኝ ቢቂላ፤ አሳዘንኩት መሰለኝ። ገመዱን ያዝኩት። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ቆመ። ትንሽ ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ።

«ምን ሆኖ ነው?»

ቢቂላ ከገመዱ ዓይኑን ሳይነቅል መለሰልኝ። «ጆሮው እምቢ ሲለው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ምድር ከዳችኝ። እውነቱን ነበር! በየማለዳው አልተከፈተም ሲለኝ እውነቱን ነበር፤ የዋሸው ዛሬ ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በኔም ፊት። «አውጣው! ቢቂላ በወላዲቷ፣ ጎትተው!»

ቢቂላ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ፤ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። ጠበቅን። ከታች አንድ ጊዜ ሳብ ተደረገ። ደህና ነኝ። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ። ገመድ ጨምርልኝ።

«ሥርዓቱ ነው አሱ» አለኝ ቢቂላ። «ደህና ነኝ ካለ መጎተት አልችልም። ሬሳውን ይዞ ከሆነ አስለቅቀዋለሁ።» ጨመረለት። ገመዱ ሮጠ፣ ከዚያ እንደ ሰካራም ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ይኼኔ እኔ ማርያምን የጠራኋት በጸሎት አይደለም፣ በንዴት ነው፤ ምን አደረግኩሽ ብያታለሁ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መጎተት ጀመርን፤ ሥርዓት ገደል ይግባ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ያዙ። ኦቦ ሰቦቃ በዚያ ዕድሜያቸው ጎተቱ። ከብዷል። የሁለት ሰው ክብደት ነው አለ ቢቂላ።

ወጣ። ፈየራን ከኋላ በሁለት እጁ አቅፎታል፣ እንደሚያቅፉት ሕፃን። ለቅሶው ሲፈነዳ እኔ ወደ አምባው ሮጥኩ። ሊቆም ሲል ወደቀ፣ ሊቆም ሲል ወደቀ። አስታወከ። በግራ ጆሮው ደም ወርዶ አንገቱ ላይ ከጭቃው ጋር ተደባልቋል።

«ምን አደረግክ? ምን አደረግክ አንተ?»

«ጭቃ ነው» አለኝ። በእጁ ጠረገው።

በማግስቱ ቀብር ነበር። ተኛ ብለው ማን ይስማኝ፤ ክንዴን ይዞ፣ እግሩን እንደ ዓይነ ስውር እየፈለገ ሄደ። ከፍትሃቱ በኋላ ሐዘንተኛው ሲሰለፍ የሆነውን ልንገራችሁ። ያ በአገጩ ሰላም የሚለኝ ጎረቤታችን መጥቶ የአምባውን እጅ ጨበጠ፤ ሌላውም ተከተለው። አባባ ወልደሰንበት በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ስንት ዓመት የተመኘሁት ቀን ነው! ሲመጣ አላስደሰተኝም፤ ሁሉንም ገፍትሬ ቤቴ ልወስደው ነው የፈለግኩት።

በመጨረሻ እትዬ ጠጄ መጡ። እጁን ሳሙት፤ እንዳይስሙት ሲታገል አልለቀቁትም። ከዚያ ቀና ብለው በዚያ ባለቀ ድምፃቸው፣ ትናንት በሰማቸው በኩል፣ በግራ ጆሮው ሹክ አሉት።

«ልጅህ ትቅበርህ። እንደኔ ልጅህን አትቅበር።»

አምባው ወደ መቃብሩ እያየ ቆሟል። አልዞረም። እትዬ ጠጄ ፊቱን እያዩ አሜን እስኪላቸው ጠበቁ። አልሰማቸውም።

«አሜን» አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ።